ቴፑ የቆመ ዕለት

እኔና ሮሳውራ በዲስኮ ዘፈኖቻችን ስፔንን ስድስት ዓመት ስናስጨፍር፣ መድረክ ላይ አፋችንን ብቻ ነበር የምናንቀሳቅሰው፤ ድምፁ ከቴፕ ነው። በአልባሴቴ ከተማ በዓል ላይ ግን፣ በጣም በታወቅንበት ዘፈን መሀል ያ የተረገመ ቴፕ ቆመ።

ልማድ ሆኖብን ያለ ድምፅ አፋችንን መክፈትና መዝጋት ቀጠልን። አምስት ሺህ ሰው አፍጥጦ ያየናል።

«ዝፈኚ እንጂ፣ አንቺ ግንድ!» አለችኝ ሮሳውራ።

«አንቺስ ማን ከለከለሽ?»

ከፊት የቆመች አንዲት ወፍራም ሴትዮ ጣቷን ቀሰረችብን። አለቀልን አልኩ። ሴትዮዋ ግን ዘፈኑን ከቆመበት ቀጠለችው፤ ሕዝቡም ተከተላት።

እኛም ምን እናድርግ፣ በእነሱ ድምፅ አፋችንን እናንቀሳቅስ ጀመር።