የጋሽ ኩምሳ ባዶ ምልክቶች

«እኔ እሠራዋለሁ» አለ ንዋይ።

ስብሰባው ላይ የነበሩት ሁሉ ዞረው አዩት። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ራሱም ደንገጥ አለ። የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ደጀኔ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለና፣ «እስከ ሐሙስ» አለው። «ሐሙስ ካልደረሰ ዕቃውን የሚያቀርብልንን ድርጅት፣ ቬንደሩን፣ እጠራለሁ። እነሱ ደግሞ ስክሪኖቹን ነቅለው ነው የሚጥሉት።»

ሪችፊልድ በተባለው ከተማ ጫፍ ላይ ያለው ይህ የልብስ ማጠቢያ ድርጅት የከተማውን ሆስፒታሎች አንሶላና ጋውን ያጥባል። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ስክሪኖች ጽሑፍ ብቻ የሚያሳዩ አሮጌ ተርሚናሎች ናቸው። አንድ ሰሞን በታብሌት ሊተኳቸው ተሞክሮ ነበር፤ እንፋሎቱና የጨርቁ ብናኝ ታብሌቶቹን አንድ በአንድ ፈጃቸው። ተርሚናሎቹ ግን ምንም አልሆኑም። አሁን የተቀየረው ከጀርባ ሆኖ የሚያዛቸው ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ነው።

አሮጌው ሰርቨር ከስክሪኖቹ ጋር የሚግባባበት መግለጫ ነበረው። ስክሪኑን ለማጽዳት ይህን ላክ፣ መስመሩን ለማድመቅ ያንን ላክ የሚል። አዲሱ ሰርቨር ያንን የድሮ አጻጻፍ አያነብም፤ የሚያውቀው ሌላ አጻጻፍ ነው። ስለዚህ መግለጫው ከአንዱ ወደ ሌላው መዞር አለበት። ንዋይ ከኮሌጅ ከወጣ ወዲህ ብቻውን የተረከበው የመጀመሪያ ሥራ ይህ ነበር፤ ሰው ሁሉ ፊት ቃል ገብቶበታል።

አልቸኮለም። መግለጫውን በመቀየሪያው ፕሮግራም አዞረው፤ ከዚያ የድሮውንና አዲሱን ጎን ለጎን አስቀምጦ በየመስመሩ አመሳከረ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቆመ። ስክሪኑ ብልጭ እንዲል የሚያዘው መስመር መሃሉ በባዶ ምልክቶች ተሞልቷል። ምንም የማይጽፉ፣ ምንም የማያዙ፣ ዝም ብለው የተደረደሩ ባዶዎች። ፋይሉ ሲገለበጥ ሲገለበጥ የገባ ቆሻሻ መሰለውና ጠረገው። መስመሩ አጭርና ንጹሕ ሆነ። ደስ አለው።

ማክሰኞ ጠዋት አንዱን ተርሚናል ከአዲሱ ሰርቨር ጋር አገናኘና የማጠፊያ መስመሩን አለቃ ፈነትን ጠራት። ፈነት የጆሮ መከላከያዋን ሳታወልቅ የአንሶላ መጫኛ ጋሪውን ቁጥር አስገባች። ጽሑፉ በቦታው፣ የደመቀው ደምቆ ወጣ።

«ጎበዝ የኮሌጁ!» አለችው ጮክ ብላ። «እኔ እኮ ስክሪኑን ቻይንኛ ታደርግብናለህ ብዬ ነበር።»

ከምሳ በፊት ግን የሕፃናት ክፍሉ አንሶላ ከቀዶ ሕክምና ጋውን ጋር ተደባልቆ ተገኘ። ፈነት ቁጥር ተሳስታ ኖሯል፤ ስክሪኑም ስሕተቷን አላሳያትም።

«ስሕተት ሲኖር የሚጮኸው ደወል እኮ ጮኋል» አለ ንዋይ።

«የምን ደወል? በዚህ ማሽን መሃል፣ ጆሮዬን ደፍኜ?» አለች መከላከያዋን እየጠቆመች። «ድሮ ስንሳሳት ስክሪኑ በሙሉ ቦግ ይልብን ነበር። ዓይኔ አንሶላው ላይ ቢሆን እንኳ አየዋለሁ።»

ደጀኔ ነገሩን ሰምቶ መጣ። አልተቆጣም፤ ያ ደግሞ ባሰ። «ቬንደሩ በቀጠሮ ነው የሚመጣው። ዛሬ ልደውል ይሻላል?»

«ሐሙስ ነው የተባባልነው፣ ጋሽ ደጀኔ።»

ንዋይ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰና የብልጭታውን ትእዛዝ ደጋግሞ ላከ። ትእዛዙ ይሄዳል፤ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም አይታይም። የድሮውን መግለጫ እንደገና ከፈተው። ሌላው መስመር ሁሉ በጥንቃቄ የተጻፈ ነው። እንዲህ የሚጽፍ ሰው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቆሻሻ አይተውም ብሎ አሰበ፤ ተመልሶም ፈነትን ጸሐፊው ማን እንደሆነ ጠየቃት።

«ጋሽ ኩምሳ ነዋ፣ የድሮው የኮምፒውተር ባለሙያችን! ጡረታ ወጥተው ኮሎምቢያ ሃይትስ ነው የሚኖሩት። ቁጥራቸው አለኝ።»

ጋሽ ኩምሳ ስልኩን አንስተው ከሰሙት በኋላ ሳቁ። «ባዶዎቹን አጠፋሃቸው?»

«ቆሻሻ መስሎኝ ነው፣ ጋሼ።»

«እኔም ባየው አጠፋው ነበር። ስማ፣ ስክሪኑን ነጭ አድርግ የሚለውና መልሰህ ጥቁር አድርግ የሚለው ትእዛዝ ተከታትለው ከሄዱ ዓይን አይይዛቸውም። በእኛ ጊዜ መሃል ላይ ጠብቅ ብለህ መጻፍ አትችልም ነበር። ስለዚህ መሃሉን በባዶ ሞላሁት። ምንም አይጽፉም፤ ግን በሽቦው ውስጥ ተራ በተራ ሲያልፉ ጊዜ ይወስዳሉ። ስክሪኑ ነጭ ሆኖ የሚቆየው በዚያች ጊዜ ነው። አሁን መልሳቸው።»

ንዋይ ጥቂት አሰበ። «ብመልሳቸውም አይበቁም፣ ጋሼ። አዲሱ ሰርቨር የሚልክበት መስመር ፈጣን ነው፤ እርስዎ የደረደሯቸው ብር ብለው ያልፋሉ። ግን በአዲሱ አጻጻፍ እዚያው መሃል ላይ ጠብቅ ማለት ይቻላል።»

«መሃል ላይ?» አሉ ጋሽ ኩምሳ። «ምነው ያኔ በኖረ! በል እንግዲህ፣ አንተ ታውቀዋለህ።»

«ምን ያህል ይጠብቅ ልበለው?»

«እሱን እኔን አትጠይቀኝ። አዳራሹ ውስጥ ገብተህ ከፈነት አጠገብ ቁም።»

ረቡዕ ንዋይ የጆሮ መከላከያ አድርጎ ከፈነት አጠገብ ቆመ። እሷ አንሶላ ታጥፋለች፤ እሱ የመጠበቂያውን ጊዜ እየቀየረ ብልጭ ያደርጋል። መጀመሪያ አላየችውም። ቀጥሎ አስረዘመው።

«ኧረ ባክህ፣ ፎቶ የምነሳ መሰለኝ!»

ቀነሰ። ደግሞ ትንሽ ቀነሰ። ፈነት አንሶላውን እንደያዘች ቀና አለች። «እሷን! እሷን እንዳትነካት።»

ሐሙስ ሁሉም ተርሚናሎች በአዲሱ ሰርቨር ሲሠሩ ዋሉ። ደጀኔ ለማንም ሳይናገር ወደ አዳራሹ ገባ፣ ፈነት ጎን ወዳለው ተርሚናል ሄዶ የሌለ ቁጥር መታ። ስክሪኑ ቦግ አለ። አንሶላ ላይ ያቀረቀረችው ፈነት ብድግ ብላ፣ «ማነው እዚያ ጋ የተሳሳተው?» ብላ ጮኸች። ደጀኔ መሆኑን ስታይ አብረዋት የሚያጥፉት ሴቶች ሁሉ ሳቁበት።

እሱም እየሳቀ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። «ቬንደር የለም» አለ። «ለትልልቆቹ አለቆች ሪፖርት አደርጋለሁ፤ ማን ሠራው ልበል?»

ንዋይ ኮርቶ ነበር፤ መደበቅም አልፈለገም። «ጋሽ ኩምሳና እኔ» አለ።

«ዓይኑስ የማን ነው?» አለች ፈነት፣ የሚቀጥለውን አንሶላ እያራገፈች። «እኔንም ጻፈኝ እንጂ!»

ደጀኔ ሦስቱንም ስም በስልኩ ጻፈ፤ የፈነትንም እንዴት እንደሚጻፍ ጠይቆ አስተካከለ።