ስም የለሿ ሸማኔ

«እማ፣ በታሪኩ ውስጥ ስምሽን የት ላስገባው? ከሚቀሩት ነው ከሚሄዱት?»

ቴክ ይህን ሲጠይቃት ሱንማያ መወርወሪያውን በእጇ እንደያዘች ቀረች። ቀዩን ማግ በጥቁሩ ድር መሃል ልታሳልፍ ነበር። ልጇ ኮምፒውተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ እግሩን ወደ ገደሉ አንጠልጥሎ በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ከበታቹ የተራራዋ ከተማ የታንሴን የቆርቆሮ ጣሪያዎች፣ ከጣሪያዎቹ በታች ጉም፣ ከጉሙ በታች ደግሞ ድምፁ ብቻ የሚሰማው የካሊ ወንዝ።

«የሚሄዱት የት ነው የሚሄዱት?» አለችው።

«ወንዙን ተሻግረው።»

«ከተሻገሩ በኋላስ?»

«እሱን ጨዋታው ነው የሚያውቀው። እኔ ምን አውቄ።»

ሱንማያ ድሩን አየችው፤ መልስ የተጻፈበት ይመስል።

«እንግዲህ ስታውቂ ትነግሪኛለሽ» አለ ቴክ እየሳቀ። «እስከዚያ ምሽጉ ውስጥ ስም የለሽ ሸማኔ ሆነሽ ትኖሪያለሽ።»

ቴክ የድሮ የኮረብታ ነገሥታት የሚዋጉበት ጨዋታ ይጫወታል። ሬሱ የምትባል ሚጢጢ መንግሥት ይዞ ጦር ያዘምታል፣ እህል ያከማቻል፣ ከጎረቤት ንጉሥ ጋር ይጣላል ይታረቃል። ሳምንቱን ሲጫወት ሰንብቶ፣ የሆነውን ሁሉ እንደ ታሪክ ይጽፍና ቅዳሜ ቅዳሜ በስልክ ለሚከታተሉት ሰዎች ያወጣዋል። ጨዋታው «የሬሱ ጦር ተሸነፈ» ብሎ በአንድ መስመር የሚያልፈውን እሱ ጭቃውን፣ ብርዱን፣ ከበሮ መቺው የወደቀበትን ቦታ ሳይቀር ይጽፈዋል። አንባቢዎቹ አብዛኞቹ የዚያው ኮረብታ ልጆች ናቸው። በዶሃና በኩዌት፣ ፎቅ ሲሠሩ ውለው ተደራራቢ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው ያነቡታል።

ሕግ አላቸው። በየክፍሉ መጨረሻ ንጉሡ ምን ያድርግ የሚለው በአንባቢ ድምፅ ይወሰናል። አንባቢ ከፈለገ ስሙን ይሰጥና በታሪኩ ውስጥ ወታደር ወይም አናጢ ወይም መልእክተኛ ይሆናል። የገባ ስም አይወጣም። ጨዋታው ከገደለው ጸሐፊው ሞቱን ይጽፍለታል እንጂ ጨዋታውን ወደኋላ መልሶ አያድነውም፤ እንዲያ ያደረገ ጸሐፊ ከዚያ ወዲያ የሚያነበው የለም። ስሙ የሞተበት አንባቢም ከዚያ በኋላ ድምፅ አይሰጥም። ጸሐፊው ግን የራሱን ስም አያስገባም። ካስገባ ታሪኩን ሊዘጋ ነው ማለት ነው።

ሱንማያ ይህን ሁሉ ያወቀችው ራሷ አንብባ ነው። ባሏ ወደ ማሌዥያ በሄደ ጊዜ ደብዳቤዎቹን ይዛ ጎረቤት ለጎረቤት ትዞር ነበር፤ ጎረቤቱ ጉሮሮውን ጠርጎ የባሏን ናፍቆት በሰው ፊት ሲያነብላት መሬቱ ተከፍቶ በዋጠኝ ትል ነበር። ኋላ ደብዳቤው ቀረ፤ ስልኩም ቀረ። በስተርጅና የእናቶች ማኅበር ቤት ከሰዓት በኋላ ፊደል ሲጀመር መጀመሪያ የተመዘገበችው እሷ ናት። ፊደሎቹ በአንድ ገመድ ላይ እንደተሰጣ ልብስ ተንጠልጥለው ሲታዩዋት ከረሙና፣ አንድ ቅዳሜ የልጇን ታሪክ በጣቷ እየተከተለች «ንጉሡ ብርድ ልብሱን ለዘበኛው ሰጠው» የሚለውን እስከ ነጥቡ አነበበች። ከዚያ ወዲያ መማሪያ መጽሐፏ እሱ ሆነ። በዝግታ ስለምታነብ የሚመጣው ነገር ሳይደርስባት ገና ከሩቅ ያስፈራታል።

ከአንባቢዎቹ ጋጋን የሚባለውን ትወደው ነበር። የምንጩ ጠባቂ አድርገኝ ብሎ ለምኖ የገባ ነው። «እዚህ ውሃ የሚመጣው በቦቴ ነው፤ ቢያንስ በታሪኩ ከምንጭ አጠገብ ልደር» ብሎ ነበር። ጠባቂነቱን ካገኘ ወዲህ በየሳምንቱ ይቀልዳል፦ ዛሬ ሁለት እንቁራሪት ማረክሁ፣ ዛሬ ደመወዜን በጉንድሩክ ጎመን ክፈሉኝ።

የደቡብ ንጉሥ ጦር ምንጩን በሌሊት የያዘበት ክፍል ሲወጣ የጋጋን ስም ሞተ። ቴክ አሳምሮ ነው የጻፈለት። አንባቢው ሁሉ እንደ ልማዱ የቀልድ ልቅሶ ተቀመጠ፤ አንዱ «እንቁራሪቶቹን ማን ያሳድጋቸው» አለ። ሟቹ ራሱ መጥቶ እስኪመልስላቸው ይጠብቁ ነበር። ጋጋን አልመጣም። በሚቀጥለውም ቅዳሜ አልመጣም። «ጋጋን የት ገባህ?» ብለው ቢጠሩት፣ አብሮት የሚያድር አንድ ሰው «አልጋው ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በላይ አልጨመረም።

ሱንማያ ያቺን መስመር ደጋግማ አነበበቻት፤ ተሳስቼ ይሆናል ብላ። አልተሳሳተችም።

«ሥራ ቀይሮ ይሆናል» አላት ቴክ፣ ፊቷን ሲያየው።

«አንተም በማታውቀው ነገር እጅ ላይ ስሙን ጥሎ ነው የጠፋው።»

«እማ፣ ጨዋታ እኮ ነው። ማሽን ነው።»

«ማሽን ከሆነማ ምን ምሕረት ያውቃል?»

በዚያው ሰሞን እሷ ስትሸምን እሱ በረንዳው ላይ በስልክ ሲያወራ ሰማችው። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ጋሌ ዳይ ነው፤ ዶሃ የሚኖር፣ ቴክ እንደ ታላቅ ወንድም አይቶ «ዳይ» የሚለው የጥንት አንባቢ። በታሪኩ ውስጥ የፈረሰኞቹ አለቃ እሱ ነው።

«ቪዛህን ከአለቃዬ ጋር ጨርሻለሁ፤ ሥራው መጋዘን ውስጥ ነው፣ ፀሐይ እንኳ አያይህም» ይላል ጋሌ ዳይ፣ ድምፁ ከስልኩ እየፈሰሰ። «አንተ እዚያ የእናትህን ክር ስትጠቀልል ልታረጅ ነው እንዴ፣ ባይ፣ ታናሽ ወንድሜ?»

«ትቻት ልሂድ ስል አይሆንልኝም። ልቅር ስልም አይሆንልኝም።»

«ታዲያ?»

ቴክ በቀልድና በእውነት መካከል ባለ ድምፅ «የፊታችን ቅዳሜ ድምፅ አለ አይደል?» አለ። «ንጉሡ ምሽጉን ይዞ ይቆይ ወይስ ሕዝቡን ይዞ ወንዙን ይሻገር የሚለው። ይሻገር ካሉ እሄዳለሁ። ይቆይ ካሉ እቀራለሁ።»

«አብደሃል።»

«አብጄ ሊሆን ይችላል። ድምፅ ግን ድምፅ ነው።»

ሱንማያ ማጉን ስታ ሁለት ጊዜ በአንድ መስመር አሳለፈችው። ሳትፈታው ተወችው።

የጋጋን አልጋ ዓይኗ ላይ ነበር። የባሏ ስልክ ዓይኗ ላይ ነበር። የሚሄድ ሁሉ መጀመሪያ ድምፁ ይቀጥናል፣ ከዚያ ድምፁ ይጠፋል፤ እሷ የምታውቀው መሄድ ይህ ነው። ፊደል ቤት ስትደርስ አስተማሪዋ ሚስ ጃሙና ገና አልመጣችም። ሴቶቹ ስልካቸውን ይዘው በጣት እየነካኩ ስማቸውን መጻፍ ይለማመዳሉ።

«እስቲ ስልካችሁን አምጡ» አለች ሱንማያ። «አንድ ነገር ላስነብባችሁ።»

ጎረቤቷ ሂማ ዲዲ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ሰካች። «ን-ጉ-ሡ… ይ-ቆ-ይ… ምን ሆኖ ነው የሚቆየው?»

«ምሽጉ ተከቧል። ይቆይ ወይስ ይሂድ ነው ጥያቄው።»

«ሚስት አለው?»

«ሞታበታለች።»

«መልኩስ?»

«ሂማ ዲዲ፣ ቁም ነገር ነው የማወራሽ።»

«እኔም ቁም ነገር ነው የጠየቅሁሽ። መልከ መልካም ከሆነ ለምን ይሄዳል? ሰፈራችንን እይው፤ የቀሩት ወንዶች ጥርስ የሌላቸው ብቻ ናቸው።» ሴቶቹ ተንከተከቱ። «ሄዶ የተመለሰ ወንድ አሳዩኝ። የኔው ተመልሶ ያመጣልኝ ሳል ነው። ይቆይ ነው የምለው። የት ጋ ነው የሚነካው?»

ሱንማያ በየጣታቸው ላይ ጎንበስ እያለች አሳየቻቸው። ሚስ ጃሙና ስትገባ ሁሉም እንደ ልጅ ፀጥ አሉ።

ንጉሡ ይቆይ ተባለ፤ በጥቂት ድምፅ ብልጫ። ቴክ ውጤቱን አይቶ ኮምፒውተሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። ያን ቀን ሱንማያ ድንቹን በእርጎ ለውሳ ቹካውኒ ሠራችለት፤ እንደ በዓል። በላ። አመሰገናት። ደስታዋ ግን እንግዳ ቤት እንደገባ ሰው መቀመጫ አጣ።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ምንጭ የሌለው ምሽግ ስንት ቀን ይቆማል? ጨዋታው አልራራም። በየቅዳሜው ታሪኩ እያጠረ፣ ስሙ እየበዛ ሄደ፦ አናጢው፣ መልእክተኛው፣ በቅሎ ነጂው። እያንዳንዱ ስም በረሃ ላይ ያለ የአንድ ሰው ስም ነው። በቀልድ መላቀሱም ቀረ። አንዱ «ቤቴን ነበር እኮ ያቆምኩት እዚያ» ብሎ ጻፈ፤ ሌላው «ይቆይ ያለ ማን ነው?» አለ። የፈረሰኞቹ አለቃ በሩን ከፍቶ ወጥቶ የሞተ ቀን ጋሌ ዳይ «በርታ ባይ» ብሎ ብቻ ተወ። ገጹ እንደተፈታ ገበያ ሆነ። ጥቂቶች ያነባሉ፤ የሚናገር ግን የለም።

ቴክም እንደዚያው። በረንዳው ላይ መቀመጡን ትቶ ወደ ውስጥ፣ መስኮቱ ወደ ግድግዳ ወደሚያየው ክፍል ገባ። የዲዶ ገንፎው ቀዝቅዞ በሳህኑ ላይ ይደርቃል። ስትጠራው «እሺ» ይላል፤ አይመጣም። ፂሙ አድጓል። ሱንማያ በሩ ላይ ቆማ ስታየው፣ ድምፁ የሚቀጥነው የሄደ ሰው ብቻ እንዳልሆነ ገባት። እዚሁ፣ በእጇ ሥር፣ ልጇ እየራቀ ነበር።

አንድ ከሰዓት ፊደል ቤት አልሄደችም። መጨረሻ የወጣውን ክፍል ይዛ በረንዳው ላይ ተቀመጠችና በጣቷ ተከተለችው። በምሽጉ ውስጥ የሚበላ አልቋል። ንጉሡ ታሟል። ሰው በሌለበት ግቢ አንዲት ስም የለሽ ሸማኔ ብቻ ትሸምናለች፤ ክር ስታጣ የሸመነችውን ፈትታ እንደገና ትሸምናለች። በወንዙ በኩል ያለችው ትንሿ በር እስከ ንጋት ሳትያዝ ትቆያለች፤ መውጣት የሚችል ካለ በዚያች ይውጣ። ከሥሩ የድምፅ ጥያቄ የለም። ድምፅ የሚሰጥ አልቀረማ።

ተነሥታ ክፍሉ ገባች።

«ቴክ።»

«እሺ።»

«እሺ አትበለኝ። ያኔ የጠየቅኸኝን አሁን ልመልስልህ። ስሜን ምሽጉ ውስጥ አስገባው።»

ቀና አለ። «እማ፣ የሚቀሩት እኮ…»

«አንብቤዋለሁ። የሚቀሩት ምን እንደሚሆኑ አውቃለሁ። ሸማኔዋን ሱንማያ በላት። ያንተን ስም ደግሞ በትንሿ በር አውጣው።»

«ጸሐፊው ስሙን ካስገባ…»

«እሱንም አንብቤዋለሁ።»

ኮምፒውተሩን ገፋ አደረገው። ከዚያ በዚያ በረዘመ ፂሙ ውስጥ ፈገግታ የሚመስል ነገር አለፈ። «ይቆይ ያሉት እነማን እንደሆኑ የማላውቅ መስሎሽ ነው? ሂማ ዲዲ ፎቶዋ ላይ ጎሽዋን አቅፋ ነው ያለችው።»

ሱንማያ ፊቷ ጋለ። «አውቀህ ለምን አልሰረዝከውም?»

«ድምፅ አይሰረዝም፣ እማ። ሕግ ነው።» ኮምፒውተሩን ወደ ራሱ ሳበ። «ደግሞ አንቺ ያነበብሽው የመጀመሪያ ድምፅ ነበር።»

ቴክ ወደ ዶሃ በሄደ ቀን፣ እንደ አገሩ መሸኛ ወግ፣ ከደጃፉ ግራና ቀኝ ውሃ የሞላ ጋን አቆመች፤ አፋቸው ላይ የማሪጎልድ አበባ ሰካች። እርጎና ሩዝ ለውሳ ግንባሩ ላይ ስትለጥፍ ጥቂቱ ቅንድቡ ላይ ወረደ፣ እሱም አልጠረገውም። የተቀቀለ እንቁላል በእጁ አስያዘችው። ሂማ ዲዲ «ጥርስህን ይዘህ ተመለስ» አለችው። እሱ ሳቀ፤ ሴቶቹ አልሳቁም። አውቶቡሱ በመታጠፊያው ላይ ጥሩንባውን ነፋ፤ ከዚያ ጉሙ ዋጠው።

የመጨረሻው ክፍል ቅዳሜ ወጣ፤ ከመንገድ ላይ ይሁን ከደረሰበት አላወቀችም። ለብቻዋ አነበበችው። ቴክ የሚባል አንድ ጸሐፊ ጭለማውን ለብሶ በትንሿ በር ወጣ። ወደ ወንዙ ሲወርድ ከኋላው የመሸመኛው ድምፅ ይሰማው ነበር። ከማዶ ብርሃን አልታየም። ወንዙ መሃል ሲደርስ ድምፁ ቆመ፤ ሸማኔዋ ተኝታ ይሁን ክሩ አልቆ፣ ታሪኩ አይናገርም።

ሱንማያ ስልኩን ይዛ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየለቀመች በሕይወቷ የመጀመሪያውን አስተያየት ጻፈች፦ «ደረስክ?»

ከስሙ አጠገብ ያለችው አረንጓዴ ነጥብ አልበራችም። መሸ። ጋኖቹ ገና ደጃፉ ላይ ነበሩ፤ አበባው ጠውልጓል፣ ውሃውን ለማፍሰስ እጇ አልታዘዘላትም። ከታች ወንዙ ይጮሃል።

ቴክ ሄደ። ሱንማያ ቀረች።