ቆንጂት መንገዱን ስትናገር

«የሺ በገብረመድኅን መኪና ከሆነ ይቅርብኝ ብላለች» አለች እምነት፣ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ።

ገብረመድኅን ከበሩ ውጭ፣ ደረጃው ላይ፣ የውሃ ካርቶን ላይ ተቀምጦ ነበር። ይህ ኩዌት ውስጥ፣ ኸይጣን በሚባለው ሰፈር ያለው ቤት፣ ሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ተዋጥተው የተከራዩት፣ ዓርብ ዓርብ የሚያርፉበት አንድ ክፍል ነው። ለቅሶ ሲመጣበት ሴቶቹ ከፍራሹ ላይ ወንዶቹ ከደረጃው ላይ ሆኑ። ደረጃው ላይ የተቀመጠ ሰው ግን የማይሰማው ነገር የለም።

«ሰምቻለሁ» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

የሞተችው ቆንጂት ናት። ሬሳዋ ዛሬ ማታ ወደ አገር ቤት ይጫናል። ከዚያ በፊት ፊቷን ማየት የሚፈልግ ሆስፒታሉ ድረስ መሄድ አለበት፤ እሱም የሚፈቀደው እስከ ቀትር ጸሎት ነው። ታናሽ እህቷ የሺ፣ ደስማ በሚባለው ሰፈር፣ ሰው ቤት ተቀጥራለች። መርዶዋን የሰማችው በስልክ፣ ያውም ሳህን እያጠበች ነው። ከእሑድ ጀምሮ ለቅሶው ላይ ያልተገኘችውም ማዳሟ ከዓርብ በፊት አልለቅም ስላለች ነው። ዛሬ ደግሞ ፈቀደችና «ብቻዋን ታክሲ አትሳፈርም፤ የሚታወቅ ሰው መጥቶ ይውሰዳት» አለች። በዓርብ ቀን መኪና ያለው የሚታወቅ ሰው ገብረመድኅን ብቻ ነው።

የሰው ልጅ ሲያመላልስ ሃያ ዓመቱ ነው። አንድም ሰው አልገደለም፤ አንድም ሰው አላቆሰለም። ይህን ግን የሚያነሳለት የለም። የሚነሳለት ሌላ ነው።

ሐሲና ንፍሮ በሳህን ይዛ ወጣችና አጠገቡ ተቀመጠች። እዚያው ሕንጻ ሥር ካለው የሴቶች ፀጉር ቤት ነው የምትሠራው።

«ብላ እንጂ ገብሬ። ልጅቷ ልቧ ተሰብሮ ነው እንጂ አንተን ጠልታህ አይደለም።»

«ብትጠላኝ ይሻለኝ ነበር። የፈራችኝ ነው።»

«አንተን ያልፈራ ማን አለ?» አለች ሐሲና፣ ፈገግታዋን በነጠላዋ ጫፍ እየሸፈነች። «እኔ አንተ መኪና ውስጥ ሆኜ ያልተሳልኩት የለም። ሼኽ ሁሴን ድረስ ተስያለሁ። አገር ቤት ስገባ ስለቴን አስገብቼ አልጨርሰውም።»

ንፍሮውን ዘግኖ በእጁ ያዘው እንጂ አልበላውም።

ቆንጂትን መሪ ያስያዛት እኮ እሱ ነው። ሳባህ አል-ሳሌም ሰፈር ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ቤቶች ተቀጥረው ይሠሩ ነበር፤ እሱ ሹፌር፣ እሷ የቤት ሠራተኛ። ማዳሟ ሴት ልጆቿን ወንድ ሾፌር እንዲያመላልሳቸው ስላልፈለገች «ቆንጂት ትማር» አለች። ከመንደሩ ጀርባ ባለው አሸዋማ ባዶ ቦታ፣ ፀሐይ በረድ ሲል፣ የጌታው አሮጌ መኪና ላይ አስቀመጣት። መሪውን እንደ ትኩስ ድስት ጆሮ ነበር የያዘችው።

«ገብሬ፣ ይሄ ነገር ሳልነካው ይሄዳል እንዴ?»

«ፍሬኑን ስትለቂው ይሄዳል። ምን፣ በቅሎ መሰለሽ?»

«በቅሎማ ታውቀኛለች።»

ያን ያህል የሳቀበት ጊዜ አያስታውስም። ቀዝቃዛ ጭማቂ ይዞ ይመጣል፤ መኪናው ጥላ ሥር ቆመው ይጠጣሉ። አንድ ቀን እነግራታለሁ ብሎ ያስቀመጠው ነገርም ነበረው። መጀመሪያ መንጃ ፈቃዷን ታውጣ ብሎ አቆየው።

መንጃ ፈቃዷን አወጣች። ከዚያ ጌታዋ፣ ነዳጅ ኩባንያ የሚሠራው ሰውዬ፣ ልጆቼን የምታመላልስ እንደገና ትሠልጥን ብሎ ኩባንያው ሾፌሮቹን የሚልክበት ትልቅ ማሠልጠኛ አስገባት። ገብረመድኅንን ጌታው የትም አስገብቶት አያውቅም። ለእሱ ጌታ ጥሩ ሹፌር ማለት «ያላ፣ ያላ» ሲሉት የሚበር ነው።

ከማሠልጠኛው ሌላ ሰው ሆና መጣች። ውሃ በተረጨ አስፋልት ላይ ሆን ብለው መኪና እንዳንሸራተቱባቸው፣ ሰው ሁሉ መስመሩን ይስታል ብላችሁ ንዱ እንዳሏቸው አወራች። ይህን ሁሉ ቻለው። ያልቻለው መንገዱን መናገሯን ነው። መሪ ስትይዝ ያየችውን ሁሉ በአፏ ትለዋለች። «መስታወት። ከኋላ ነጭ መኪና፣ ይቸኩላል፣ ይለፍ። ፊት ለፊት መብራት፣ ቆይቷል፣ ሊቀየር ነው። እግር ላነሳ።» ቀስ ብላ፣ በማይቆራረጥ ድምፅ። ሴቶቹ መጀመሪያ ውዳሴ ማርያም የምትደግም መስሏቸው አብረው አማትበዋል።

«ለማን ነው የምታወሪው?» አላት።

«ለራሴ። ያየኸውን ካልተናገርከው ያየኸው ይመስልሃል እንጂ አላየኸውም አሉን።»

«ማን አስተማረሽና ነው አንቺ?»

«አንተ» አለችው። «ማስነሳት አንተ አስተማርከኝ። ማቆም እነሱ አስተማሩኝ።»

ለክፋት አልነበረም፤ ያን ያውቃል። ግን ሰው ፊት ነው ያለችው። ሌላ ጊዜም፣ እንደዚሁ ሰው ፊት፣ «ይሄ መስታወት የኋላውን መንገድ ልታይበት ነው ገብሬ፤ አንተ ሴቶቹን ታይበታለህ» አለችው። ሳቁ። እሱም ሳቀ፤ ነገሩ ግን ሆዱ ውስጥ ቀረ።

ሰባተኛ ክፍል ላይ የቀረ ሰው ነው። የሚኮራበት ነገር ቢኖር መሪ ብቻ ነበር።

እናም አንድ ዓርብ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ መኪናው በሴት ሞልቶ፣ አምስተኛው ቀለበት መንገድ ላይ «ገብሬ፣ መቶ ሃያ ነው የተጻፈው» አለችው። ነዳጁን ረገጠው። «ገብሬ» አለችው ደግማ። ጨመረበት። አልጮኸችም። «ወራጅ አለ» አለች፣ እንደ አዲስ አበባ ታክሲ ተሳፋሪ። ሴቶቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፤ ፊቷን በመስታወቱ አየውና ከመንገዱ ዳር አቆመ። ወረደች፤ በእግረኛ ድልድዩ በኩል ሄደች። ትንሽ ቆይታ፣ ከመንገድ የተሳፈረችው ሐሲና ወረደች። እምነትም። አንድ በአንድ ሁሉም ወረዱ። ገብረመድኅን ባዶ መኪና ይዞ ቤቱ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ስሙ ሮኬት ሆነ። ከቆንጂት ጋር ከሩቅ ሰላምታ በቀር አልተነጋገሩም። ያቆየው ነገር እንደ ቆየ ቀረ።

ክፍሉ ውስጥ አንዲት ሴት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ግን እንዲሰማ አድርጋ፣ «ሥልጠና ሥልጠና ስትል መኪና ውስጥ ሞተች፤ ይገርማል» አለች።

ገብረመድኅን ቀና አላለም። እሑድ ወሬውን ሲሰማ መጀመሪያ የመጣበት ይኸው ነበር። ቀጥሎ የመጣበትን እፍረት ለማንም አልተናገረም።

ደረጃው ላይ የጫማ ኮቴ ተሰማ። ጥቁር አባያ የለበሰች ሴት ትንሽ ልጅ በእጇ ይዛ ወጣች። የቆንጂት ማዳም ነበረች። ወንዶቹ ተነሥተው መንገድ ለቀቁላት፤ ሴቶቹ ፍራሹን አነጣጠፉላት። እንደ ለቅሶተኛ ወለሉ ላይ ዝቅ ብላ ተቀመጠች፤ ይህን የጠበቀ አልነበረም። በዐረብኛ ተናገረች። እምነት ተቀብላ ታስረዳለች።

«በመኪና አደጋ ሞተች ይላሉ አሉ። አደጋ አልደረሰባትም። መኪናው ላይ ጭረት የለም። ሐኪሙ ጭንቅላቷ ውስጥ የደም ሥር ተበጥሶ ነው ብሏል። ልጆቼን ከትምህርት ቤት እያመጣች ነበር።»

ልጅቷ ለይላ ትባላለች። እናቷ ስትነካት በዐረብኛ ጀመረችና መሃል ላይ በአማርኛ «ቀኝ ባዶ። ፍሬቻ» አለች።

የአንዲት ኩዌታዊት ሕፃን አፍ «ፍሬቻ» ሲል ሴቶቹ ተያዩ።

«ሁልጊዜ እንደዚህ ትላለች፤ እኛም አብረን እንላለን» አለች ለይላ። «የዚያን ቀን ራሴን አመመኝ አለች። ግን ማውራቷን አላቆመችም። ቀኝ ባዶ፣ ፍሬቻ፣ እንደገና ቀኝ ባዶ። ዳር ስንደርስ ቆመች። ብልጭ ብልጭ የሚለውን መብራት አበራች። ቀበቶ እንዳትፈቱ፣ በር እንዳትከፍቱ አለችን። ከዚያ መሪው ላይ ተኛች።»

ገብረመድኅን በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ከኋላ መኪና ነበር?» አለ በዐረብኛ። እንዴት ያለ ጥያቄ እንደሆነ ለራሱም አልገባውም።

ልጅቷ አሰበች። «ትልቅ መኪና ነበር፤ ይቸኩል ነበር። ይለፍ አለች።»

በእጁ የያዘውን ንፍሮ ለሐሲና መለሰላትና ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

«ወዴት ነው?» አለችው እምነት። «አልመጣም ብላለች እኮ።»

«በሯ ላይ እቆማለሁ። መግባት ያለመግባት የእሷ ነው።»

ደስማ ሲደርስ የሺ ከግቢው በር ውጭ፣ ጥላው ሥር ቆማ ነበር። ጥቁር ለብሳለች። ዓይኗ ደረቅ ነው፤ እንደ ታመመ ሰው ዓይን።

«ጋሽ ገብሬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «እርስዎ መኪና ውስጥ እንዳልገባ አስምላኛለች። በማርያም ነው የማልኩት።»

በመንገዱ ሁሉ ሲያዘጋጀው የመጣ ንግግር ነበረው፤ ሃያ ዓመቱ፣ አንድም ሰው አለመግደሉ። አፉ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«እውነቷን ነው» አላት። «ዛሬ እሷ እንደምትነዳው ነው የምነዳው። ከሳትኩ ወራጅ አለ በዪኝ። የትም ይሁን፣ አቆማለሁ። ያን ጊዜም አቁሜላታለሁ።»

የሺ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው።

«ነግራኛለች» አለች። «ሌላ ሹፌር ቢሆን በእልሁ አያቆምም ነበር፤ ገብሬ ግን አቆመልኝ፣ ልቡ ደግ ነው፣ እግሩ ነው ያበደው ብላኛለች።»

ገብረመድኅን ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ። የኋላውን በር ከፈተላት። አማተበችና «ማርያም ትፍታኝ» ብላ ገባች። ቀበቶዋን አሰረች። በአንድ እጇ የበሩን መያዣ ጨምድዳ ያዘች።

የዓርብ ጠዋት መንገድ ባዶ ነው፤ ሰፊ፣ የተጠረገ፣ እግር የሚያሳክክ። ሰዓቱም እየሄደ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ መንገድ ላይ «ያላ» እስኪሉት አይጠብቅም ነበር። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ፊት ለፊት... መሻገሪያ» አለ። ድምፁ ለራሱም አሳፈረው። «ሰው የለም። በግራ ታክሲ። በቀኝ የቆመ መኪና፣ በሩን ሊከፍት ይችላል። እግር ላነሳ።»

ከኋላ አንዱ ክላክስ አደረገበት። «ይለፍ» አለ። መኪናው እየጮኸ አለፈ፤ ነጂው በመስኮት እጁን እያወናጨፈ የሆነ ነገር ተናገረው። ገብረመድኅን በዕድሜው የተሰደበውን ስድብ ሁሉ ያስታውሳል። ይህኛውን አልሰማውም።

«እንደርሳለን?» አለች የሺ።

«እንደርሳለን። እንደዚሁ ሆነን እንደርሳለን።»

ትንሽ ሄዱ።

«እሷ ከሁሉ በፊት መስታወት ነበር የምትለው» አለች፣ በቀጭን ድምፅ።

«መስታወት» አለ ገብረመድኅን። «ከኋላ... ማንም የለም። ፊት ለፊት መብራት፣ ቆይቷል፣ ሊቀየር ነው።»

ተቀየረ። ቀስ ብሎ፣ የፊት መስመሩን ሳይነካ ቆመ። ከመብራቱ ማዶ የሆስፒታሉ በር ክፍት ሆኖ ይታያል፤ ዘበኛው ወንበሩን ወደ ጥላ እየጎተተ ነው። ያኔ ከኋላው ድምፅ ሰማ። ዓይኑን ወደ መስታወቱ አነሣ። የሺ የበሩን መያዣ ለቃ፣ በሁለት እጇ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ይዛ፣ ከእሑድ ጀምሮ ሳታለቅስ የቆየችውን ታለቅስ ነበር።

መስታወቱ ለዓመታት እንደነበረው ነው፤ ወደ ኋላ ወንበር የዞረ። መብራቱ ገና ቀይ ነው። ገብረመድኅን እጁን ዘረጋና ወደ ላይ አቃናው፤ የሺ ከመስታወቱ እስክትወጣ፣ የመጡበት መንገድ ብቻ እስኪታይ።

«ከኋላ ባዶ» አለ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። «ፊት ለፊት በሩ። ቀስ ብለን እንገባለን።»