በሙቀጫው ፋንታ የመጣችው የሱፍ አበባ

ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች ልጅ ስለ ጣቢያ ሥዕል ምን አገባት የሚል ካለ፣ አያቴ አንደኛ ክፍልም አልገባም። እንዲያም ሆኖ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከመሬት በታች በሚሄደው ባቡር ብቻውን ሲመላለስ አንድ ቀን ጠፍቶ አያውቅም። የጠፋው የተማሩት ሰዎች ጣቢያውን ያደሱለት ጊዜ ነው።

በከተማችን እያንዳንዱ ጣቢያ ከስሙ ጎን ሥዕል አለው። መስመሩ ሲቆፈር ፊደል የማይለይ ሰው ብዙ ስለነበር፣ ሥዕሉን አይቶ ይውረድ ተብሎ ነው። ስለዚህ አያቴ የጣቢያ ስም አይጠራም። ከገበያ ስመለስ ከኤሊዋ እሳፈራለሁ፣ ደወሉን አልፋለሁ፣ ሙቀጫው ላይ እወርዳለሁ፣ አለቀ። ሙቀጫው የኛ ነው። ሰፈራችን ሎስ ካንቴሮስ የድንጋይ ጠራቢዎች ሰፈር ነው፤ ባለሦስት እግሩን የቃሪያ መፍጫ ለከተማው ሁሉ ያዳረሱት የኛ ሰዎች ናቸው። አሁን የቀረው ጠራቢ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም አያቴ ዶን ፊዴንሲዮ። ማክሰኞ ማክሰኞ ሁለት ሙቀጫ በጆንያ ተሸክሞ ገበያ ይወርዳል፣ ባዶ ጆንያውን አጣጥፎ ይመለሳል።

ባለፈው ዓመት ጣቢያው ለእድሳት ተብሎ ሰባት ወር ተዘጋ። ሦስት ዓመት ሙሉ የቆመው ተንቀሳቃሽ ደረጃ ይሠራል ብለው ማሉልን። ሲከፈት ደረጃው እንደቆመ ነው። የተቀየረው ሥዕሉ ነው። ከጣቢያው በላይ ሚራሶል የሚባል የገበያ ማዕከል ተሠርቷል፤ የእድሳቱን ወጪ የቻለው እሱ ነው አሉ። ስለዚህ ሙቀጫው ወርዶ የነሱ ምልክት የሆነችው የሱፍ አበባ ተሰቀለች። የልደት ኬክ የምትመስል ቢጫ ነገር። ስሙን ግን አልነኩትም፤ ማንበብ ለሚችል ሰው ምንም አልጎደለበትም። የማይችለው ደግሞ የገበያ ማዕከል ገብቶ አይሸምት፣ ማን ያስበዋል?

በመጀመሪያው ማክሰኞ አያቴ ገበያ በሰላም ደረሰ። ሲመለስ ደወሉን አለፈና ሙቀጫውን ጠበቀ። አበባ መጣች። የኛ አይደለችም ብሎ ተቀመጠ። ሙቀጫው ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እያለ እስከ መስመሩ መጨረሻ ሄደ፤ ከዚያ በሌላ መስመር ሌላ መጨረሻ። ማምሻውን አንዲት ዘበኛ አግዳሚ ላይ አግኝታው ደወለችልን። ሱሪው ረጥቦ ነበር። ይህን የምጽፈው እሱ ስለማያነበው ነው።

እናቴ ምናለ ሰው ብትጠይቅ ብላ ጮኸችበት። እሱ ጫማውን እያየ፣

«የተወለድኩበትን ሰፈር የት ነው ብዬ ልጠይቅ?» አለ።

አበባዋ ላይ ውረድ ብንለው፣ አበባ የኛ አይደለችም ብሎ እምቢ አለ። ከዚያ ወዲያ ያለ እኔ ከበር እንዳይወጣ ተፈረደበት። እኔ ደግሞ ባቡር ውስጥ ከረሜላ ሻጭ ነኝ፤ ማክሰኞ ገበያዬ የሚደራበት ቀን ነው። መዶሻው ዝም አለ። የሚሸጥበት የቀረበት ሰው ለምን ይጠርባል? ፀሐይ ላይ ተቀምጦ እጁን ያያል እንጂ።

ወደ ጣቢያው አለቃ ሄድኩ። ኢንጂነር ኦልቬራ እንላቸዋለን፤ እኛ ሰፈር ከረባት ያሰረ ሁሉ ኢንጂነር ነው። በጽሑፍ አምጪ አሉኝ። ጽፌ አመጣሁ። ሌላ ቢሮ ነው የሚመለከተው አሉ። እሱም ጋ ሄድኩ፤ ወደሳቸው መለሱኝ። ሦስተኛ ስመጣ ሰለቸኋቸው።

«ልጄ፣ በዚህ ዘመን ማንበብ የማይችል ሰው አለ እንዴ?»

«አለ፣ ኢንጂነር። አያቴን በቀደም ማክሰኞ አጥፍተውት አልነበር?»

ከቢሮ አስወጡኝ። ቤት ገብቼ ሁሉንም ለአያቴ ነገርኩት፣ የኢንጂነሩን ድምፅ እያስመሰልኩ። አልሳቀም። በማግስቱ ጠዋት ግን መዶሻው ቀሰቀሰኝ። ሰባት ዓመት ጓሮ የተኛውን ጥቁር ቋጥኝ ይዞታል። አንድ ወር ጠርቦ ትልቅ ሙቀጫ አደረገው። ሦስት እግር፣ እንደ ድሮው ፊት ለፊቱ የአሳማ ጭንቅላት፤ እኔ ውስጡ ተጣጥፌ ብተኛ ይበቃኛል።

ስምንት የገበያ ባለጋሪዎች አባቶቻቸው ጠራቢ ስለነበሩ ያለ ምንም ክርክር መጡ። በጠራራ ቀን፣ በገመድ አስረው፣ በዚያው በቆመው ደረጃ ላይ አንድ አንድ እርከን እያሉ አወረዱት። ታች የጣቢያው ዘበኛ መግቢያው ላይ ቆሞ ይህ ደግሞ ምንድን ነው አለ። የሚራሶል አበባ መትከያ ነው አልኩት። ለሚራሶል ከሆነማ ብሎ ሰፊውን በር ወለል አድርጎ ከፈተልን። እንግዲህ ፍረዱ፤ ለአያቴ አንዲት ሥዕል የነፈገ ጣቢያ ለአበባ ማስቀመጫ በር ይከፍታል።

ከባቡሩ መስኮት እንዲታይ ከአበባዋ ሥር አስቀመጡት። ኢንጂነሩ ሲሮጡ ደረሱ። አሁኑኑ አንሱ አሉ። ከባለጋሪዎቹ ትልቁ ላቡን ጠረገና በትሕትና መለሰላቸው፦

«ማውረዱን አወረድነው። ለማውጣቱ ደረጃው ሲሠራ ይጥሩን።»

ከዚያ ወዲህ የቢሮ ሰዎች ሁለቴ መጥተው ሙቀጫውን አዩ፣ ስልሳ አራቱን ደረጃ ቀና ብለው አዩ፣ ሄዱ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ እናቴን ለምኜ አስፈቀድኩና አያቴ ብቻውን ወጣ። ተከትዬዋለሁ ብል ይገድለኛል፣ ስለዚህ ከረሜላዬን ይዤ ጣቢያችን ውስጥ ምሰሶ ጀርባ ቆሜ መመለሻውን ጠበቅኩ። ባቡሩ ቆመ። ባዶ ጆንያውን በክንዱ አጣጥፎ ወረደ፣ ሙቀጫው ውስጥ ያለውን የብስኩት መጠቅለያ እየተሳደበ አውጥቶ ኪሱ ከተተ፣ የአሳማዋን ግንባር መታ መታ አደረገና ደረጃውን ተያያዘው።

አበባዋ ግን አሁንም እንደተሰቀለች ናት። ኢንጂነሩ ደረጃው በቅርቡ ይሠራል ይላሉ። እኛ ለመጀመሪያ ጊዜ አልቸኮልንም።