የመሪጌታ ጆሮና ባለብልቃጡ ሣጥን

ይማርሽን ያቃጠላት የልጇ ካውያ አልነበረም፤ «እማዬ፣ አደራሽን እንዳትነኪ» መባሏ ነው።

በገዛ ቤቷ! በገዛ ጠረጴዛዋ ላይ! ነፍስ ካወቀች ጀምራ ጥጥ ስትፈትል የኖረች ሴት፣ ከጸጉር የቀጠነውን ፈትል ሳታይ በጣቷ የምታውቅ ሴት፣ ከማሕፀኗ የወጣ ልጅ እንደ ድመት «ራቂ» ይበላት? ድመትስ ቢሆን ወተቱ ላይ አፏን ካላገባች ማን ይናገራታል?

«የምነካው ምን ቁም ነገር አለውና ነው?» አለችው ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ እየወረወረች። «ቅራቅንቦ! ቆራሌው እንኳ አንስቶ የማይወስደውን።»

ልጇ ደርበው ሥራው ላይ ነው። አጎንብሶ ብረቱን በጋለ ካውያ እየነካካ ሽቦ የሚያጣብቀውን ሊድ ያቀልጣል። ይኼ ልጅ ባጃጅ መቆሚያው አጠገብ ባለችው ሱቁ የሰው ስልክና ዲኮደር ሲጠግን የሚውል ነው። ጾሙ ከገባ ወዲህ ግን ከሱቁ በተመለሰ ቁጥር የሚቀመጠው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሆኗል። ይኼን የሚገጣጥመውን ሣጥን አዲስ አበባ ያለ ጓደኛው ነው የላከለት። ሣጥኑ ባዶውን፣ ሽቦው ለብቻ፣ ብሎኑ ለብቻ፣ በየላስቲኩ ተቋጥሮ መጣ። «ገጣጥመው» ተብሎ የተሰጠ ነገር! ይማርሽ መጀመሪያ ቀን «ሰው የተሰፋ ልብስ ይልካል እንጂ ቁልፍና ክር ይልካል?» ብላ ስቃበት ነበር።

ያልሳቀችበት ነገር ግን አንድ ነበር። ሣጥኑ ለመሪጌታ ነው።

ባሏ መሪጌታ ጽጌማርያም በጦርነቱ ጊዜ መድፍ አጠገባቸው ከጮኸ ወዲህ ጆሯቸው ደከመ። ሰውዬው የድጓ መምህር ናቸው። ተማሪው በቃሉ ያዜማል፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፣ የሳተውን ያቃናሉ፤ ሥራቸውም ኑሯቸውም ይኸው ነው። ጆሮ የሌለው የዜማ መምህር ደግሞ በሬ የሌለው ገበሬ ማለት ነው። ዘመዶች ከደሴ ያስመጡላቸውን ትንሿን የጆሮ መሣሪያ ጥቂት ቀን አድርገው «ጣሳ ውስጥ የገባ ትንኝ ነው፤ አውጡልኝ» ብለው ወረወሯት። ያኔ ነው ደርበው ስለዚህ ሣጥን ያወራው። አሮጌ ሬዲዮ ውስጥ የነበሩ የመስታወት ብልቃጦች አሉ፣ ቲዩብ ይባላሉ፣ ሲግሉ ድምፁን ያጎሉታል፤ ያጎሉትም ድምፅ ሥጋና ደም አለው አለ። ማይኩ ከተማሪው ፊት ይቆማል፣ ሣጥኑ ያጎላዋል፣ መሪጌታ ትልቁን ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው ይሰማሉ።

የደብሩ አለቃ ገብረ ዮሐንስ ደግሞ ቀጠሮ ቆርጠዋል፤ ዛሬ ሐሙስ፣ ከቅዳሴ መልስ። ተማሪ ይዘው እዚሁ ቤት ይመጣሉ። መሪጌታ የተማሪውን ስሕተት ከሰሙ የመምህርነት ወንበራቸው ወንበራቸው ነው። ካልሰሙ ወንበሩ ከኮን ለሚመጣው ለወጣቱ መምህር ይሰጣል። ይማርሽ ባሏን ታውቃለች። ወንበሩን ከተነጠቁ ጸሐይ ላይ ተቀምጠው ዝንብ አያባርሩም፤ ይሞታሉ። ነገሩ እንዲህ አጭር ነው።

ደርበው ካውያውን አስቀመጠና ሣጥኑን አንድ ጊዜ በኤሌክትሪክ ሞከረው። ብልቃጦቹ እንደ ጧፍ ጫፍ ቀላ አሉ። ነቀለው። በአንድ ቀጭን ዕቃ አንዱን ብረት ከሌላው አስነክቶ ቆየ፤ የኤሌክትሪኩን ቁጥር የሚያሳየውን ቴስተር እያየ።

«ነቅለኸው የለም እንዴ? አሁን ደግሞ ምን ታደርገዋለህ?»

«ውስጡ ያለውን ማፍሰሴ ነው። እነዚህን ጉብ ጉብ ያሉትን ታያቸዋለሽ? ኤሌክትሪክ እንደ እንስራ ያቁራሉ። ተነቅሎም ይገድላል፣ እማዬ። ለዚህ ነው አትንኪ የምልሽ፤ ስለናቅኩሽ መሰለሽ?»

«እንዴታ!»

ሳቀ። «በይ፣ ማይኩን ከሰንበት ትምህርት ቤት አምጥቼ ልምጣ። ክዳኑን እመለስና እገጥመዋለሁ። እንዳትነኪ።»

«አልነካም አልኩህ! ስንቴ ልማል?»

ወጣ። ይማርሽ ሣጥኑን አየችው፤ ሣጥኑም በአራቱ ብልቃጦቹ አያት። ልቧን አንድ ነገር በላት። ወደዚህ ቤት ጠበል ሳይነካው የገባ ነገር የለም። ላሟ ስትመጣ ተረጭታለች። የቆርቆሮው ጣራ ሲመታ ተረጭቷል። ቴሌቪዥኑ እንኳ ሲገባ ግንባሩን ተረጭቶ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ያለ እክል ይለፈልፋል። እሳት በመስታወት ውስጥ የሚያነድ፣ ተነቅሎ የሚገድል፣ የመሪጌታን ራስ ሊጨብጥ ያለ ነገር እንዴት እንዲሁ ይተዋል? ልጁ ይኼን አያስብም። አባትየው አይሰሙም። ማን ያስብ ታዲያ?

ከመደቡ ራስጌ የጠበሉን ጠርሙስ አወረደች። በስመ አብ ብላ እፍኟን ሞላች። ከላይ፣ ከቀኝ፣ ከግራ ረጨችው። አልነካችም። ጣቷ አልደረሰበትም። ጠርሙሱን መልሳ እንዝርቷን አነሳችና የሠራችው ጽድቅ ደስ እያላት መፍተሏን ቀጠለች።

ቴሌቪዥኑ ክዳን እንደነበረው ትዝ ያላት በኋላ ነው።

ደርበው እየሮጠ ተመለሰ። «ቅዳሴው ሊወጣ ነው!» ማይኩን ሰካ፣ ሶኬቱን ሰካ፣ ማብሪያውን ጫነ።

ጠስ አለ። ምጣድ ላይ እንደወደቀ የሹሮ ጠብታ፣ ጠስ! አንዲት ሰማያዊ ብልጭታ፣ ከዚያ የተቃጠለ ቀለም ሽታ፣ ከዚያ ዝምታ። ብልቃጦቹ ጠቆሩ።

ሶኬቱን ነቅሎ ቆመ። «ፊውዙን በላው» አለ። «ለምን? አሁን ሠርቶ ነበር'ኮ! አሁን!» ሊዱን የነካባትን እያንዳንዷን ቦታ በዓይኑ መልቀም ጀመረ። «የት ጋ ነው የተሳሳትኩት? እማዬ፣ የት ጋ ነው?» ድምፁ የሕፃን ሆነ። «አንድ ፊውዝ ነው የቀረኝ። አባባን ዛሬ አዋረድኳቸው።»

የይማርሽ እንዝርት ቆመ። ሆዷ ተናገሪ ይላታል፤ አፏ ዝም በይ ይላታል። በዕድሜዋ አፏ ዝም በይ ሲላት ያ የመጀመሪያው ነው። ብትናገር፣ ያው «አላልኩሽም?» ሊመጣ ነው። መሃይም አሮጊት፣ ጠበልና ኤሌክትሪክ የማትለይ፣ የባሏን ወንበር በእፍኟ ያፈሰሰች! ለአፍ የሚመች አሉባልታ ነው፤ እስከ ፍላቂት ገበያ ይደርሳል። ዝም ብትል ደግሞ ጥፋቱ የመብራት ኃይል ነው፤ የመብራት ኃይልን ማን ሰምቶ ይደነቃል?

«ብልሽቱ ከሥሩ ይሆናል» አለ ደርበው ለራሱ። «ወዲያው ስለጠፋ ምንም አላቆረም።» የሚያፈስበትን ዕቃ አላነሳም፤ ቴስተሩንም አላነሳም። እጅጌውን ሰበሰበና ጣቶቹን በብልቃጦቹ መካከል ወደ ውስጥ ላከ።

ይማርሽ ከእጁ በታች፣ በአንዱ ጉብታ ሥር፣ አንዲት የውሃ ጠብታ ስታበራ አየች።

«አትንካ!»

ጩኸቱ ዶሮዎቹን ከደጅ አስበረገጋቸው። ደርበው እጁን እንዳንሳፈፈ ቀረ።

«ውሃ አለበት! ጠበል ረጭቼበታለሁ! አንሳ እጅህን፣ አንሳ ብያለሁ!»

እጁን ቀስ አድርጎ መለሰ። ዞሮ አያት። ከዚያ የቴስተሩን ሁለት ሹል ጫፎች ጉብታው ላይ አስነካ። ቁጥሩን ሲያይ ፊቱ አመድ ለበሰ፤ ቁጭ አለ።

«ይገድል ነበር?»

«ይገድል ነበር።»

ከአሸተን ተራራ በኩል የሚወርደው ነፋስ ቆርቆሮውን አንኳኳው።

«አልነካም ብለሽ ምለሽልኝ!»

«አልነካሁማ። ረጨሁ እንጂ።»

«እማዬ!»

«ምን ልሁን? ስቀለኛ! መጀመሪያ ግን አፍስሰው ያንን መርዝ። ሰዎቹ እየመጡ ነው።»

ማፍሰሻውን አስነካ። ቁጥሩ እየወረደ ሲሄድ ይማርሽ ከትከሻው በላይ ሆና «አሁንስ? አሁንስ?» ትላለች። ማንበብ አትችልም፤ ግን የልጇን አንገት ታነባለች። አንገቱ ሲላላ መርዙ እንዳለቀ አወቀች።

«ጥጥ አምጪልኝ» አለ። የሰጠችውን ባዘቶ በጥድፊያ ጠቅልሎ ያዘ። አንዴ ሞከረ፤ ሽቦ ሊበጥስ ነበር።

«ወዲያ በል!»

አላንገራገረም። እሷ ባዘቶውን በስንጥር ጫፍ ጠምጥማ፣ እሱ በስልኩ መብራት እያሳያት፣ በየብልቃጡ እግር መካከል ያለውን ርጥበት ጠባች። «እዚህ ጋ። ከሥሩ። አሁን በቀኝ።» ታዘዘችው። ይኼ ለይማርሽ ትንሽ ነገር አይደለም። ከዚያ ሣጥኑን ደጅ አውጥተው ከነፋሱና ከጸሐዩ ፊት አቆሙት። ዓለቱ ላይ፣ እንደ ብቅል።

ከታች፣ ከጠባቡ መንገድ፣ የመቋሚያ ድምፅ ተሰማ።

«አልደረቀም» አለ ደርበው።

«አስገባና ጨርሰው፤ ሰዎቹን እኔ አቆያቸዋለሁ።»

ከበር ቆማ ተቀበለቻቸው። አለቃ ገብረ ዮሐንስ ከፊት፣ መሪጌታ በመቋሚያቸው ተደግፈው ከኋላ፣ ትልቁን ጾመ ድጓ ያዘለው ተማሪ፣ ዲያቆን እንዳለው፣ ከሁሉ ኋላ። መስቀል ተሳለመች። ስለ ጤናቸው ጠየቀች። ስለ በቅሏቸው ጠየቀች። ስለ ሞተችው እህታቸው እንደገና አለቀሰችላቸው።

«እመት ይማርሽ፣ እህቴ ያረፈችው እኮ አምና ነው።»

«ሐዘን ያረጃል እንዴ፣ አባቴ?»

ከውስጥ ደርበው «ይግቡ» ሲል ነጠላዋ በላብ ረጥቦ ነበር። የመጨረሻው ፊውዝ ገብቷል። መሪጌታ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ ማዳመጫው ጆሯቸው ላይ ተደፋ። ዲያቆኑ ከጀርባቸው እንዲቆም ተደረገ፤ ከንፈሩን እንዳያዩ። ደርበው አማተበና ማብሪያውን ጫነ።

ምንም።

የመሪጌታ ፊት አልተለወጠም።

«ሞተ እንዴ?» አሉ አለቃ።

«ይሞቃል፣ አባቴ» አለ ደርበው። «ጊዜ ይፈልጋል።»

«ስንት ጊዜ?»

«ጧፍ እስኪይዝ የማይታገሥ ቄስ አላየሁም» አለች ይማርሽ።

አንዱ ብልቃጥ ቀላ። ሁለተኛው ቀላ። ሦስተኛው። አራተኛው እንደጠቆረ ቀረ። ደርበው ወደ እናቱ ጠጋ ብሎ «አንዱ ጎን ሞቷል፤ በቀኝ ጆሮ ብቻ ነው የሚሰማው» አላት።

ያኔ መሪጌታ ቀና አሉ። «ማነው በቀኝ በኩል የሚያንሾካሹክ?»

ይማርሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ዲያቆን እንዳለው ከጾመ ድጓው ጀመረ። አንድ ቤት አዜመ፤ መሪጌታ ዝም። ሌላ አዜመ፤ ዝም። አለቃ ጺማቸውን ዳሰሱ። ይማርሽ የሰውዬውን ዝምታ መተርጎም አቃታት፤ ሰምተው ነው ወይስ ሳይሰሙ? የባሏ ዓይን ተጨፍኗል። ሦስተኛው ላይ መቋሚያው ወለሉን መታ።

«መልስ! ድፋቱን የት ጣልከው? እኔ እንዲህ ነው ያስተማርኩህ? ማነህ አንተ፣ እንዳለው ነህ? ጉንፋን ይዞሃል መሰል፣ ከአፍንጫህ ነው የምታወጣው!»

ዲያቆኑ በደስታ ሳቀ። «ጣል ተብዬ ነው፣ የኔታ!»

አለቃ ለማረጋገጥ ጾመ ድጓውን አስዘረጉ። ከቀሚሳቸው ኪስ መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉ፤ መስመሩን በጣታቸው ተከትለው የዜማ ምልክቷን አገኙ። «ድፋት ናት። እውነት ነው፤ ሰምተዋል።» ደርበው ግድግዳውን ተደግፎ ተነፈሰ። አለቃ ግን መጽሐፉን አልከደኑም። ሽቦውን፣ ከሽቦው ወደ ሣጥኑ፣ ከሣጥኑ ወደ ቀያዮቹ ብልቃጦች አዩ።

«ይሁን እንጂ» አሉ፣ «ነገሩ ይከብዳል። ራሱ ላይ ሽቦ አስሮ፣ በመኪና ጆሮ እየሰማ የሚያስተምር መምህር በላስታ ምድር ታይቶ አይታወቅም። ተፈጥሮ የደከመበት ሰው ቢያርፍ ነው ደንቡ። የኮኑን መምህር...»

«አለቃ!» አለች ይማርሽ።

ወንዶቹ ሁሉ ዞሩ። መጥታ ከፊታቸው ቆመች፤ መዳፏንም ዘረጋች።

«ያቺን ከአፍንጫዎ ላይ ያለችውን መስታወት ያውልቁና ይስጡኝ። እርስዎም ተፈጥሮ ደክሞብዎታል፤ ማንም ወንበርዎን አልነጠቀም። በሉ አምጧት! ከዚያ ያቺኑ መስመር በባዶ ዓይንዎ ያንብቡልኝ። ካነበቡ ይኼን ሽቦ በገዛ ጥርሴ እበጥሰዋለሁ። ካላነበቡ ግን ወንበሩ የእርስዎ ነው ብለው አሁኑኑ፣ እዚሁ ለመሪጌታ ይንገሯቸው። መጮህ አያስፈልግዎትም፤ ይሰማሉ።»