ዳለቻ በእግሯ እስክትቆም

በ1976 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ቀርቶ ቆላው በደረቀበት ወራት፣ ከብት የጫነ መኪና አዋሳ መግቢያ ላይ ተበላሽቶ ቆመ። ከብቶቹ ለቄራ የተገዙ ነበሩ፤ ሲወርዱ ግን አብዛኞቹ መቆም እንኳ አቃታቸው። ቀበሌው ግቢ ላላቸው ሰዎች አከፋፈላቸው፤ ሥጋ እስኪይዙ ይቀለቡ ተባለ። ለአስካለ ሁለት ደረሷት፤ አንዲት ቀይ ጊደርና አንዲት ዳለቻ ላም።

በጋሪ ተጭነው ሲገቡ ባሏ ሽፈራው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነበር። የጎድን አጥንታቸውን አየና ፊቱን አዞረ።

“መልሻቸው” አላት።

“የት ልመልሳቸው? ቀበሌ ነው የሰጠን።”

“እንግዲያው እኔ አላያቸውም።” ተነስቶ ወደ ውስጥ ገባ።

አስካለ አልፈረደችበትም። ሽፈራው መምህር ነበር፤ በዚያ ክፉ የቀይ ሽብር ጊዜ ተይዞ ዓመታት ከታሰረ በኋላ የተፈታው በቅርቡ ነው። ሲወጣ ቆዳና አጥንት ብቻ ነበር። አሁን ሥጋው ተመልሷል፤ ጨዋታው ግን አልተመለሰም። ሲጠሩት አቤት ይላል፣ ሲያቀርቡለት ይበላል፣ ካልጠየቁት ግን ቃል አይወጣውም።

አስካለ ከብት ቀልባ አታውቅም። ከወፍጮ ቤት ፉርሽካ ለምና አመጣች። ጊደሯ ትንሽ ነፍስ ነበራትና ገንዳውን ላሰችው። አስካለም “ብይ የኔ እናት፣ ብይ” እያለች ደጋግማ ጨመረችላት። ሽፈራው በመስኮት ያያል።

በማግሥቱ ጠዋት ጊደሯ ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ እግሮቿን ዘርግታ ታቃስታለች። ደረሰ የሚባለው ጎረቤታቸው የአስካለን ጩኸት ሰምቶ ሮጦ መጣ፤ ቢያሻት፣ ቢያገላብጣት አልሆነም። ረፋዱ ላይ ሞተች።

አስካለ እጇን እንኳ ሳትታጠብ ወደ ቤት ገባች።

“በመስኮት ስታየኝ ነበር። የተፈታህ ዕለት የሠራሁልህ ዶሮ ሊገድልህ ነበር እኮ፤ የራበው ሆድ ሲያበዙበት ምን እንደሚሆን ካንተ በላይ ማን ያውቃል? ለምን ዝም አልክ?”

ሽፈራው ፊቱን ከመስኮቱ መለሰ።

“የራበውን ‘ይብቃህ’ ማለት… ያንን ቃል እዚያ ስሰማው ኖሬያለሁ፣ አስካለ። ከእኔ አፍ አልወጣ አለኝ።”

አስካለ አጠገቡ ቁጭ አለች።

የዚያን ቀን ከሰዓት ጃኬቱን አውልቆ ወደ ጓሮ ወጣ። ዳለቻዋ አንገቷን መሬት ላይ ዘርግታለች። ለብ ያለ ውሃ ላይ ጨው ቢጤ ጣል አድርጎ በጥቂቱ አጠጣት፤ ቆይቶ አንድ ጭብጥ ሣር ሰጣት፤ ከዚያ ዝም ብሎ ጠበቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራው ይኸው ሆነ። ደረሰ ከወላጆቹ ጓሮ የእንሰት ቅጠል ያመጣል፤ ሽፈራው ወደ አሞራ ገደል ወርዶ ከሐይቁ ዳር ርጥብ ሣር ያጭዳል። ጎኗ እንዳይቆስል ያገላብጧታል። በሆዷ ሥር ጆንያ አሳልፈው፣ በገመድ ከጓሮው ዋንዛ ቅርንጫፍ ላይ ስበው ያቆሟታል፤ ጉልበቷ ይከዳትና መልሳ ትወድቃለች።

“ጋሽ ሽፈራው፣ እሷ እኮ ተስፋ ቆርጣለች” አለው ደረሰ ላቡን እየጠረገ።

“አልቆረጠችም። ዝንቡን በጆሮዋ እያባረረች አይደል? ዛሬ ትረፍ፤ ነገ እንሞክራታለን።”

አንዳንዴ አስካለን ቅናት ቢጤ ይነካት ነበር። ለእሷ ቃል የሚሰስት ሰው ላሟን ሲያዋራት ትሰማዋለች። አንድ ቀን ውሃ ይዛ ቀረብ ስትል አዳመጠችው። ስለ አንድ ወጣት ነበር የሚያወራት፤ እስር ቤት አጠገቡ ይተኛ የነበረ፣ አንድ ማለዳ ሳይነሳ የቀረ። አስካለ ውሃውን ቀስ ብላ አስቀምጣ ተመለሰች። ሰው ፊት የማይወጣ ነገር፣ ከብት ፊት ይውጣ።

ክረምቱ ሲገባ ዳለቻዋ ያለ ጆንያ ቆመች። ደረሰ “ጌታ ይባረክ!” ብሎ ጮኸ፤ አስካለ እልልታዋን አቀለጠችው። ሽፈራው የላሟን ግንባር ይዞ ብቻ ቆመ።

ነሐሴ ሲጋመስ ከቀበሌ ሰው መጣ። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ደርሷልና ያገገሙት ከብቶች ለግብዣው ይታረዳሉ አለ። አስካለ እሺ ከማለት ሌላ ነገር አልታያትም። ሽፈራው ግን፣ በቀበሌው በር ላለማለፍ ዞሮ ይሄድ የነበረው ሰው፣ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። አስካለ እስኪመለስ ድረስ በር ላይ ቆማ ቀረች። የታሰረ ጊዜ በዚያው በቀበሌው በር ገብቶ እንዳልወጣ አልረሳችም።

ሲመለስ “ትቀራለች” አላት።

“ምን ብለሃቸው?”

“የቀበሌው ሊቀመንበር መሠረተ ትምህርት አስተምር እያለ ሲያስጠራኝ እምቢ እንዳልኩ ነው የኖርኩት። ዛሬ እሺ አልኩት። ላሟን ለእኛ ተዉ፣ እኔን ውሰዱ አልኩ።”

አስካለ ደስ ቢላትም፣ ሁሉን ከተቀማ በኋላ በእጁ የቀረችው ያቺ እምቢታ ብቻ እንደነበረች ታውቃለች።

“አይቆጭህም?”

“ይቆጨኛል” አለ። “የሚማሩት ግን የአሞራ ገደል ዓሣ ሻጮች ናቸው፣ የደረሰ ሚስት ገበያነሽ ናት። እነሱ ምን በደሉኝ?”

ትምህርቱ የተጀመረ ዕለት አስካለ ሸሚዙን ተኮሰችለት። ጠመኔውን ኪሱ ከትቶ ወጣ። ጥቂት እንደሄደ ገበያነሽ ደብተሯን በነጠላዋ ሸሽጋ “መምህር፣ ይጠብቁኝ!” እያለች ከኋላው ሮጠች።

ሽፈራው ዞር አለና ቆሞ ጠበቃት።