ከዘጠና ስድስት ቀጥሎ

ሰውየው ሃያ ስድስት ዓመት በማተሚያ ቤት የሰው ጽሑፍ ሲያርም ኖሮ፣ በስተርጅና የራሱን ልቦለድ እዚያው በራሱ ወጪ አሳተመ። ሳምንት ጠበቀ። መጽሐፍ ስለታተመ ብቻ በር የሚያንኳኳ እንደሌለ ሲገባው፣ "ዘመኑ የፌስቡክ ነው" ያሉትን የሥራ ባልደረቦቹን ሰምቶ እሱም ገጽ ከፈተ።

የገጹን ፎቶ ያነሳችው ልብስ ሰፊ ሚስቱ ናት። ከስፌት መኪናዋ ጎን ቆሞ፣ አገጩን በእጁ ደግፎ ሩቅ ሩቁን ሲያይ፣ "ምነው፣ ጥርስህን አመመህ?" አለችው።

"እያሰብኩ ነው።"

"እንግዲያው ቶሎ አስብ፤ ደንበኛ ይጠብቀኛል።"

ፎቶው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይክ አገኘ። አራሚው የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። የአክስቱ ልጅ "መጽሐፉን በአንድ ቀን ጨረስኩት" አለ። የድሮ የክፍል ጓደኛው "እንባ በእንባ አደረግኸኝ" አለ። የጥርስ ሐኪሙ ሳይቀር "እያንዳንዱ ገጽ ወርቅ ነው" ብሎ ጻፈ። ለሁሉም "አክባሪዎ፣ ደራሲው" እያለ መለሰ፤ "ደራሲው" የምትለዋን ቃል ለመጻፍ ሲል ብቻ ላልጠየቁትም ይመልስ ነበር። ሚስቱ ሃያኛው ገጽ ላይ የክር ቁራጭ አድርጋ መጽሐፉን ከተወችው ሰንብታለች። እሷስ ቢያንስ አንብቤዋለሁ ብላ አልዋሸችም።

በዚህ መሀል፣ ራሷን "ቲኬት ቆራጯ" ብላ የሰየመች አንዲት ሴት ብቅ አለች። "ጋሼ፣ ገጽ ዘጠና ስድስት ላይ ፖስተኛው የሰው ፖስታ ሊከፍት ነው። ቀጥሎ ያለው ገጽ አንድ መቶ አሥራ ሦስት ነው፤ ፖስተኛው ተደብድቦ ሆስፒታል ተኝቷል። ማነው የደበደበው?"

ደሙ ፈላ። ያን ሁሉ ሙገሳ የምታበላሽ ምቀኛ ከየት መጣች? ኮሜንቷን አጠፋና እሷንም ብሎክ አደረጋት። ውሸቷን ሊያረጋግጥ መጽሐፉን ገለጠ። ከታተመ ወዲህ ከጀርባ ሽፋኑ ላይ ካለው ፎቶው በቀር ምኑንም አላየም ነበር። ዘጠና ስድስት። አንድ መቶ አሥራ ሦስት። ሌላ ቅጂ አነሳ፤ ያው ነው።

ነገሩ ገባው። መጽሐፍ አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ገጽ እየሆነ ነው የሚታተመው። ሰባተኛውን ክፍል፣ ከዘጠና ሰባት እስከ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ያለውን፣ እሱው ራሱ "አንዴ ልየው፤ እኔ ሳልፈርምበት እንዳታትሙት" ብሎ የማሽን ሠራተኞቹን አስጠንቅቆ ወደ ጠረጴዛው ወስዶት ነበር። በዚያው ረሳው። እነሱም ቃሉን አክብረው አላተሙትም።

ስሕተቱስ ይሁን፤ አንጀቱን የቆረጠው ሌላ ነው። ከዚያ ሁሉ አወዳሽ አንድም ሰው ዘጠና ስድስተኛው ገጽ ላይ አልደረሰም። ዕድሜውን ሙሉ የተመኘው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እንዲያነብለት ነበር። ያነበበችለት አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷንም በገዛ እጁ አባረራት።

"ምን ሆነህ ነው ፊትህ ዐመድ የመሰለው?" አለች ሚስቱ።

ነገራት። ከአንገቷ ላይ ሜትሯ እስኪወድቅ ሳቀች። ስትጨርስ ግን ዓይኑን አይታ፣ "በል ይቅርታ ጠይቃት። እኔ እንኳ ያላደረግኩልህን ነው ያደረገችልህ" አለችው።

ብሎኩን አንስቶ ይቅርታ ጠየቀ፤ አሥራ ስድስቱንም ገጽ ከማተሚያ ቤት ጠረጴዛው መሳቢያ አውጥቶ፣ ፎቶ አንስቶ ላከላት። ሁለት ቀን ስልኩን ሲገላብጥ ዋለ። ላይክ ይመጣል፤ እሱ ዞር ብሎም አያየውም።

በሦስተኛው ቀን ጻፈች። "ጋሼ፣ ሰልፍ በዝቶብኝ ነው የዘገየሁት። ሁለቴ አነበብኩት። እውነቱን ልንገርዎት? ባይኖርም አይጎድልም። እንዲያውም ማን እንደደበደበው እኔ የገመትኩት ይሻላል።"

አራሚው ተናደደ። ቀጥሎም አፈረ። ደግሞ ደስ አለው፤ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። ወንበሩን ሳበና፣ "ደራሲው" የምትለዋን ትቶ፣ "ማንን ገምተው ነበር?" ብሎ ጻፈላት።